ድንጋይ ላይ የሠራሁት ጓሮ

ስሙኝማ! ይቺን ሳትሰሙ እንዳትሄዱ። አፌን ይዤ የቀረሁባት ነገር ናት፤ ዛሬም ሳስባት ይደንቀኛል።

ቤታችን ስማዳ ነው፣ ከወገዳ በእግር አንድ ሰዓት የሚያስኬድ አፋፍ ላይ። ጓሯችን ድንጋይ ነው። ድንጋይ ስላችሁ ጠጠር የበዛበት አፈር ማለቴ አይደለም፤ ወጥ ድንጋይ፣ እህል ብታሰጡበት እንጂ ብትዘሩበት የማይሆን። አባቴ ከሞተ ወዲህ እኔና እናቴ የምንኖረው ከአፋፉ ስር ባለችው ግማሽ ጥማድ የገብስ ማሳ ነበር። ሌላ የለንም።

ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ጥዬ መጣሁና ቤት ዋልኩ። እናቴ አላስችል አላት።

"እንደ ድመት ምድጃ ስር ከምትጋደም ጎመን እንኳ ተክለህ አብላኝ።"

"የት ልትከል፣ ድንጋዩ ላይ?"

"እኔ ምን አውቄ! የተማርከው አንተ።"

ምላሴን ከማን እንደወረስኩት አያችሁ?

እልህ ያዘኝ። ደጃችን የነበረውን ባሕር ዛፍ ቆርጬ ፈለጥኩና ሳንቃ አወጣሁ። ክዳንም ታችም የሌለው፣ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ሳጥን ሠራሁ። ምስማር ከየት ይመጣል? በወይራ ካስማ ነው ያያያዝኩት። አፈሩን ጎርፍ ካጠራቀመበት ቦረቦር በጆንያ ተሸክሜ ዳገቱን ወጣሁ። ፍግ ጨመርኩበት፣ አመድ ጨመርኩበት። አንዷን የሳጥን መደብ ለመሙላት አስራ አንድ ቀን! ትከሻዬ ተላጠ። ጎረቤታችን ሽማግሌው ባጥር አሻግረው አዩኝና፣

"አንተ ልጅ፣ ሬሳ ከመሬት በላይ መቅበር ጀመርክ እንዴ?" አሉኝ።

"የእርስዎ ነው አባባ፣ ሲያልቅ እጠራዎታለሁ።"

እየሳቁ ሰደቡኝ። በነጋታው ግን የነጭ ሽንኩርት ዘር ይዘውልኝ መጡ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ አምስት መደብ አደረስኩ። ጎመኑ ቅጠሉ የአህያ ጆሮ አከለ። እናቴ ጠዋት ጠዋት ወጥታ ዝም ብላ ታየዋለች። እሷ ዝም ካለች ደስ ብሏታል ማለት ነው።

ግንቦት ላይ የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች መሬት ሊያከፋፍሉ መጡ። ሦስት ናቸው፤ ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊውና ገመድ ያዡ። የገብሱን ማሳ ለክተው ሲያበቁ ወደ ጓሮ ዞሩ። ጎመኑን ሊያደንቁ መስሎኝ፣ እኔ ጅሉ፣ ቆርጬ ላሸክማቸው ሁሉ አስቤ ነበር! ገመድ ያዡ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ባምስቱም መደብ ዙሪያ ዘረጋው።

"ምን እየሆናችሁ ነው?" አልኩ።

"ትርፍ መሬት አላችሁ፤ ከገብሱ ማሳ ይቀነሳል" አለ ሊቀመንበሩ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ እኮ ሳጥን ነው! ስሩ ድንጋይ ነው!"

"ያበቅላል አያበቅልም?"

"ያበቅላል፣ ግን..."

"ካበቀለ መሬት ነው። መሬት ደግሞ የሕዝብ ነው።"

"አፈሩን የተሸከምኩት እኔ ነኝ!"

"ሕዝቡ እግዜር ይስጥህ ብሎሃል።" ጸሐፊው ከት ብሎ ሳቀ።

እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ቀረበች። "ጌቶቼ፣ ጎመኑን ውሰዱት፣ ሳንቃውንም ውሰዱት፤ ገብሴን ተዉልኝ።"

"ጌታ ድሮ ቀረ እትዬ፣ ጓድ ይበሉ" አላት ሊቀመንበሩ።

ደሜ ፈላ። መጥረቢያዬን አነሳሁና የአንዷን መደብ ካስማ ሰበርኩት። ሳንቃው ወደቀ፤ አፈሩ ከነነጭ ሽንኩርቱ ተናደ። በሁለት እጄ ጠርጌ ድንጋዩን አወጣሁላቸው። በመጥረቢያው ጀርባ ስመታው እንደ ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ ደወል ጮኸ።

"እዩት! ይሄ ነው መሬታችሁ? በሉ እረሱታ!"

ሊቀመንበሩ ቁጢጥ ብሎ አየው። በጣቱ ነካው። ፊቱን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፤ ገብቶታል። እፎይ አልኩ። ተነሣና ሱሪውን አራግፎ ለጸሐፊው፣

"ጻፍ፤ የሕዝብ መሬት ሲያበላሽ እጅ ከፍንጅ ተይዟል" አለው።

ቃል ጠፋኝ። እኔን! ለመምህር መልስ ጠፍቶኝ የማያውቀውን። መጥረቢያውን ጣልኩት። ማሳችን ለሁለት ተቆረጠች፤ የታችኛው፣ ደህናው፣ ለገመድ ያዡ ወንድም ሆነ። ማሳውን አስረክበናል የሚለውን ወረቀት እዚያው ጎመኑ መሐል ዘረጉ። እናቴ መጻፍ አትችልም። የቀለሙን ክዳን ከፍተው አውራ ጣቷን ያዙ፤ ጣቷ ላይ ከተናደው መደብ ያነሳችው አፈር ነበር። ጠረጉላት።

እናንተ ሦስታችሁ፣ ሌላ ነገር አልጠይቃችሁም። ከዚያ በፊት ቢሆን አላወቅንም ትሉ ነበር። ድንጋዩን ባይናችሁ ካያችሁት በኋላ፣ የእናቴን ጣት እንዴት ብላችሁ ቀለም ውስጥ ነከራችሁት?