ከጋራዡ ፊት ያሉት ሁለት ክዳኖች

ሰፈሩ ሁሉ «አፍንጫው» ነበር የሚለው። ዕድሜ ልኩን የማዘጋጃ ቤቱ የጎርፍ መውረጃ ተቆጣጣሪ ነበር። የመንገድ ዳር ክዳን ከፍቶ አንዴ አሽትቶ «ይኼ የቀለም ቤቱ ነው፣ ይኼ ደግሞ የልብስ አጣቢዋ በረኪና» የሚል ጉደኛ! ዛሬ ጡረታ ወጥቶ፣ ዝናብ ባባራ ቁጥር ወንዝ ዳር ይወርዳል። ሰው ውሃውን የሚያይ ይመስለዋል፤ እሱ ግን ሟች ወንድሙን ነው የሚያስበው።

አቤት ያኔ! በኪሱ ቀይ የቀለም ዱቄት ይዞ ይዞራል። አንድን ሱቅ ሲጠረጥር ዱቄቱን ፍሳሹ ላይ ይበትንና ቁልቁል ሮጦ፣ ቱቦው ወንዝ የሚገባበት ቦታ ላይ ሰዓቱን እያየ ይጠብቃል። ውሃው ከቀላ ሱቁ ተያዘ። አንድ ቀን ወንዙ ደም መስሎ ሲወርድ አንዲት አሮጊት «ምጽአት ደረሰ!» ብለው እሪ አሉ። «አይዞዎት እናቴ፣ ዳቦ ቤቱ ነው» አላቸው። የፍሳሽ መስመር ወደ ማጣሪያ ይሄዳል፤ የዝናብ መስመር ግን ሳይጣራ በቀጥታ ወንዝ ስለሚገባ ከዝናብ በቀር ጠብታ እንዲገባበት አይፈቅድም ነበር።

አባታቸው በልጅነቱ ስለሞተ ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ ነው፤ መካኒክ። በግሪስ በጠቆረ እጁ ደብተር የገዛለት፣ የጫማውን ክር ያሰረለት እሱ። ታናሹ አግብቶ ሦስት ወልዶ እንኳ «ማሙሽ» ነበር የሚለው። ቅዳሜ ከሰዓት ጋራዡ ውስጥ ከመኪና የተነቀለ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ሬዲዮ ይሰማሉ። የሞተ ሞተር ሲነሳ ወንድምየው እንደ ሕፃን ይስቃል። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይናፍቀዋል። አሁን ቦታው የስልክ መሸጫ ሆኗል፤ ይሁንላቸው።

ታዲያ አንድ በጋ ወንዙ ላይ ዘይት ታየ። ሰው ሁሉ የጠረጠረው የአውቶቡስ ጣቢያውን ነው፤ አፍንጫውም እሱ ነው ብሎ ነበር። ግን ክዳን በክዳን እያሸተተ ሽቅብ ሲወጣ ሽታው ወንድሙ ጋራዥ ደጃፍ አደረሰው። አፍንጫ ዘመድ አያውቅም!

«ደግሞ እኔን ልትከስ ነው?» አለ ወንድምየው እየሳቀ።

«ለደንቡ ነው፣ ጋሼ።» ዱቄቱን የጋራዡ ወለል ቀዳዳ ውስጥ በትኖ ሮጠ። በአሥራ አንድ ደቂቃ ውሃው ቀልቶ መጣ። ክው አለ።

ክው ያለው ስላስታወሰ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ሥራ በጀመረ በሳምንቱ፣ ወንድሙ ከጋራዡ ፊት ያሉትን ሁለት ክዳኖች አሳይቶ «ማሙሽ፣ የፍሳሹ መስመር የትኛው ነው?» ብሎት ነበር። አዲስ የማዘጋጃ ቤት ጃኬት ለብሶ አላውቅም ማለት ሞት መሰለው። «የግራው» አለ። የግራው የዝናብ ነበር! እሁድ ቀን ሁለቱ እየተሳሳቁ ቆፍረው የጋራዡን ቱቦ ከግራው መስመር ጋር አገናኝተው ቀበሩት። ጋራዡ ትንሽ ሳለ ማንም ልብ አላለም፤ የጭነት መኪና መግባት ሲጀምር ግን ገመናው ወጣ።

ተመልሶ ሁሉንም ነገረው። ወንድምየው መፍቻውን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየና «ማን ያውቃል?» አለ።

«እኔና አንተ። ግን እጽፋለሁ ጋሼ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔን ስም ነው የማስቀድመው።»

«ያባርሩሃል እኮ! ሦስት ልጅ አለህ።»

«ያባርሩኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ሪፖርቱን ኪሱ ከቶ አለቃው ቢሮ ገባ። አለቃው ገና ሳይቀመጥ «አዝናለሁ» አለው። «ወንድምህ ቀድሞህ መጥቶ ነበር። ‹ቱቦውን ብቻዬን ነው የቀበርኩት፣ ወንድሜ ስንቴ አስጠንቅቆኛል፣ አልሰማሁትም፣ ትናንት በቀለሙ ያዘኝ› ብሎ ፈርሟል። ጋራዡ ዛሬ ይታሸጋል።»

አፍንጫው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ወረቀቱን ጨበጠው። አፉን ከፈተ፤ ልጆቹ ድቅን አሉበት፤ አፉን ዘጋ። «እሺ» ብቻ ብሎ ወጣ። ልፍረድበት ብል አንጀቴ እምቢ ይለኛል።

ጋራዡ አልተከፈተም። ወንድምየው በስተርጅናው የሰው ጋራዥ ተቀጥሮ ጎማ ፈታ። አንድ ቀን እንኳ ነገሩን አላነሳም። «ጋሼ፣ ሄጄ እውነቱን ልናገር» ሲለው «ማሙሽ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ» ይለዋል።

አፍንጫው ጡረታ ሲወጣ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የምስጋና ወረቀት ተሰጠው። «የገዛ ወንድሙን እንኳ ያላለፈ፣ ለዘመድ የማያዳላ ሠራተኛ!» ተባለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ኋላ ወንበሮች አየ። ወንድሙ ቆሞ ያጨበጭባል። አዳራሹ ጸጥ ካለ በኋላም ብቻውን ያጨበጭብ ነበር።