የወንድሜ ተዝካር እንግዶች

ባለፈው ሳምንት ቤቴል ታክሲ ስጠብቅ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና አጠገቤ ቆሞ አልነሳ ብሎ ይታገል ነበር። ያጓራል፣ ያስላል፣ ጸጥ ይላል። ጥቁሩ ጭስ ሲመጣብን ሰዉ አፍንጫውን ይዞ ሸሸ፤ እኔ ግን ፈዝዤ ቀረሁ። የናፍጣና የእርጥብ ሸራ ሽታ ነው። አየሽ፣ የታላቅ ወንድሜን አርባ ያወጣን ዕለት ኮልፌ፣ ደጃችን ላይ የሸተተኝ እሱ ነው።

ያኔ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት እጠብቅ ነበር። አባቴ አጠና ነጋዴ ስለነበር ግቢያችን ሁልጊዜ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል። ወንድሜ ጦር ሜዳ ሄዶ መርዶው ብቻ ተመለሰ። አስከሬን የለም፤ ሄደን የምናለቅስበት መቃብርም የለም።

የመስከረም መጨረሻ ነበር፣ ያካፋል። ከቅዳሴ መልስ የእድሩ ድንኳን መንገድ ዳር ተተክሎ፣ ቆጮው ተቆርጦ፣ ወጡ በትልልቁ ድስት ተሰልፎ ነበር። የነፍስ አባታችን ማዕዱን ባርከው ገና ከመቀመጣቸው ከአስኮ በኩል የመጣ አንድ የወታደር መኪና እያስነጠሰ ልክ ድንኳናችን ፊት ለፊት ቆመ። ሸራው ግማሹ ተገልጧል። ውስጡ እጃቸው የታሰረ ሰዎች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ ጥቂት ወታደሮች ይጠብቋቸዋል።

«ምርኮኞች ናቸው!» አለ አንድ ሰው።

የየትኛው ወገን እንደነበሩ ዛሬ ብነግርሽ ምንም አይጨምርልሽም። ለኛ ያኔ የወንድሜ ገዳዮች ነበሩ። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ተነስቶ ወጣ። ከወንድሜ ጋር አብሮ ያደገው የአክስቴ ልጅ ከአባቴ ክምር አንድ አጠና መዘዘ። ድንጋይ ያነሳም ነበር። የጠባቂዎቹ አለቃ፣ ገና ጢሙ ያልጠና ልጅ፣ «ወደ ኋላ! ወደ ኋላ በሉ!» ይላል።

እናቴ ወጣች። ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አገልድማ። ሁሉም መንገድ ለቀቀላት፤ መጀመሪያ የምትወረውረው እሷ ናት ብለን ነበር። እኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት። መኪናው ሥር ቆማ ወደ ላይ ስታያቸው ቆየችና ወደ አለቃው ዞረች።

«እህል ከቀመሱ ቆዩ እንዴ?»

«ከትናንት ጠዋት ወዲህ አልበሉም፣ እናቴ። መንገድ ላይ ነን።»

«በል አውርዳቸው።»

«አይቻልም፣ ትእዛዝ የለኝም።»

«እንግዲያው እኔ እወጣለሁ» አለችና ጎማው ላይ እግሯን ጫነች።

ይሄኔ አባቴ ተናገረ። ከመርዶው ወዲህ ከእህህታ በቀር ድምፁን ሰምተን አናውቅም ነበር። «አንቺ ሴት፣ በልጄ ተዝካር የልጄን ገዳይ ልታበዪ ነው?»

«የቱ እንደገደለው ካወቅህ አሳየኝ» አለችው፣ ፊቷን ሳትመልስ። «እሱን እዘለዋለሁ።»

አባቴ ዞሮ ወደ ድንኳኑ ገባ። የአክስቴ ልጅ ግን እንባው እየወረደ፣ «እነሱ የኛን ልጆች ሲይዙ እንዲህ የሚያበሉ ይመስልሻል?» ብሎ ጮኸ።

«እሱን እነሱ ይጠየቁበታል፣ ልጄ። እኔ የምጠየቀው በራሴ ነው።»

የነፍስ አባታችን መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው መጡ። ድምፃቸው ደካማ ስለነበር ሰዉ ለመስማት ዝም ማለት ነበረበት። በጥንት ዘመን አንድ ንጉሥ ጠላቶቹ እጁ ላይ ቢወድቁለት፣ ልግደላቸው ወይ ብሎ ነቢዩን እንደጠየቀ ነገሩን። ነቢዩም አብላቸው፣ አጠጣቸው፣ ወደ አገራቸው ስደዳቸው እንዳለው። ከዚያ መቋሚያቸውን ወደ መኪናው ቀሰሩ። «አሁን ይሄን ማዕድ የባረክሁት ለተራበና ለታሰረ ነው። የተራበውም የታሰረውም ደጃችሁ ድረስ መጣላችሁ። የሟቹን ነፍስ የምትወዱ ከሆነ ሳህን አምጡ።»

ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አላለቀሰም። የአክስቴ ልጅ አጠናውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ። አንዳንዱም ተከተለው። ሌላው ቆሞ ቀረ። አለቃው ግራ ቀኙን አየና ሁለት ሁለት ሆነው እንዲፈቱ፣ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲበሉ ፈቀደ።

እኔ ሳህን አቀርብ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እጃቸው ጭቃና ደም ስለነበር ምግቡን ለመንካት አፈሩ። ውሃ የያዘ ሰው አልነበረም። ዞር ስል አባቴን አየሁት። ጆጉንና ሳፋውን ይዞ ከድንኳኑ ወጣ። አጎንብሶ በእጃቸው ላይ ውሃ አፈሰሰ። የአንደኛውን አንጓ አገላብጦ አየና፣ «ገመዱ በልቶሃል» አለው። ከዚያ ወደ አለቃው፣ «ስታስረው ላላ አድርገው፣ አያመልጥህም። ሰው ነው።»

ከምርኮኞቹ አንድ ወጣት ብቻ ሳህኑን ገፋ። እናቴ የተጠየፋት መስሏት ፊቷ ጠቆረ። ልጁ አቀርቅሮ፣ «እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እናቴ» አለ። ለቅሶ ልትደርስ መጥታ የነበረችው ሙስሊም ጎረቤታችን ይሄን ሰምታ፣ «ቆይ፣ የኔን ልጅ እኔ አበላዋለሁ!» ብላ ሮጠች፤ ከቤቷ በጎድጓዳ ሳህን ትኩስ ሩዝ ይዛ ተመለሰች። ባሏ መካኒክ ነበርና የተበላሸውን መኪና ሊጠግን ሥሩ ተጋድሞ እግሩ ብቻ ይታያል። ከዚያው ሆኖ፣ «ለኔም አስቀሪልኝ!» ሲል ድንኳኑ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ከመርዶው ወዲህ ግቢያችን ውስጥ የተሳቀ የመጀመሪያው ሳቅ ነው።

መጨረሻ ላይ ከወረዱት አንዱ ጸጉሩ የሸበተ ሰውዬ ነበር። ጥቂት ከጎረሰ በኋላ ድንኳኑን፣ ጥቁር የለበሱትን ሴቶች አየ። «የማን ተዝካር ነው?» አለኝ።

«የወንድሜ። ጦርነት ላይ ነው የሞተው።»

የያዘውን ጉርሻ መለሰው። ከዚያ ተነሳ፣ በተፈታው እጁ አማተበ፣ የዚያን ዕለት እንግዳ ሁሉ ያለንን እሱም አለ፦ «ነፍስ ይማር።»

እናቴ እንደ ወጉ፣ «ያኑርልኝ» አለችው።

መኪናው ተነስቶ ሄደ። በኋላ ሰላም ወርዶ ምርኮኞች እንደተለቀቁ ሰማን፤ እነዚያ ከተፈቱት ይኑሩበት አይኑሩበት አላውቅም። አንዳንድ ጎረቤት ለወራት ሰላምታ ነስቶን ነበር። የአክስቴ ልጅ ግን በገና ሙክት እየጎተተ መጥቶ አባቴን አቀፈው።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። እናቴ አሁን ቤቴል እኔ ዘንድ ናት፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። ቴሌቪዥኑ የየትም አገር ጦርነት ሲያወራ ቤተሰቡ ማን አሸነፈ፣ ማን ከተማ ያዘ እያለ ይከራከራል። እሷ ታዳምጥና ዜናው ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቃለች።

«የተያዙትስ? እንዴት አድርገዋቸው ይሆን?»

ለብዙ ዓመት የሚመልስላት አልነበረም። ባለፈው እሁድ ማታ ግን ትንሿ ልጄ ስልኳን አነሳችና እናቴ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች። «ቆይ እማማ፣ ስለተያዙት እኔ ፈልጌ አነብልሻለሁ» አለቻት። እናቴ ጆሮዋን ወደ ልጅቷ አስጠጋች።