የግራው ወንበር

ኖሪስ ትራንተር በዌስት ብሮሚች ከተማ አውቶቡሶች ላይ ሹፌሩን በደወል የሚያስነሳ ትኬት ቆራጭ፣ ኋላም ተቆጣጣሪ ሆኖ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። መንጃ ፈቃድ ነበረው፤ መንዳት ግን የሚስቱ ሥራ ነበር። ኢኒድ ዕድሜዋን ሙሉ የዳቦ መኪና ስትነዳ ኖራለች።

በፈረንጆቹ ስድሳዎቹ ዓመታት፣ ኢኒድ ልጅ ሳለች፣ ከቤታቸው ጀርባ አንድ የመኪና ፋብሪካ ነበር። አፍንጫቸው የረዘመ፣ ወንበራቸው ቆዳ የለበሰ፣ ለሩቅ መንገድ የተሠሩ መኪኖች ከበሩ ሲወጡ አጥር ላይ ተንጠልጥላ ታያለች። ከተጋቡም በኋላ በየበጋው የአሮጌ መኪና ወዳጆች መስክ ላይ ሲሰበሰቡ ኖሪስን ይዛው ትሄዳለች። እዚያ ዊልፍ ጋርቤት የሚባል ሽማግሌ ከነዚያ አንዱን፣ ጥቁር አረንጓዴውን፣ ይዞ ይመጣል። «መንዳት ስትተው ለእኔ ሳትነግረኝ ለማንም እንዳትሸጠው» ትለዋለች። ዊልፍም ቃል ገባላት። ለዚያ ብላ ስታጠራቅም ኖረች።

በየካቲት ኢኒድ ሞተች።

በሰኔ ዊልፍ ደወለ። ዓይኑ ስለደከመ ሐኪሙ እንዳይነዳ ከልክሎታል። ደህና ናችሁ ወይ ሲለው ኖሪስ ደህና ነን አለው። እዚህ አገር ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ የሚሰጥ ሰው አላውቅም። ኑና ውሰዱት ሲለውም እሺ አለ።

ጎረቤቱ ስለሆንኩ በእኔ መኪና ወሰድኩት። መንገዱን ሙሉ ያወራው ስለ ቤቱ አሸንዳ ነበር፤ በቅጠል ተደፍኗል አለ። ደስ ብሎት እንደሆነ ጠየቅሁት። አላውቅም አለኝ።

ዊልፍ የሻይ ኩባያውን እንደያዘ በር ላይ ጠበቀን። ኢኒድስ ሲል፣ ኖሪስ አልመጣችም አለ። ዊልፍ ሞተሩን ከትናንት ጀምሮ እንዳልነካው ነገረንና ዳስሱ አለን። ገዢ ሳይመጣ ሞተር አሙቆ ጉድለቱን የሚሸፍን ሻጭ በአሮጌ መኪና ወዳጆች ዘንድ እንደ አጭበርባሪ ይቆጠራል። ኖሪስ መዳፉን ቀዝቃዛው ኮፈን ላይ አኖረ፤ እዚያው የረሳው ይመስል ቆየ። ከዚያ የግራውን በር ከፍቶ ገባና ተቀመጠ፤ በዚህ አገር መኪና መሪው በቀኝ ነው፣ ግራው የተሳፋሪ ነው። ቀበቶውን አሰረ።

ዊልፍ ሳቀ። «አንተ ሰውዬ፣ ሹፌርህ ከየት ሊመጣልህ ነው?»

«ሹፌሯ ሞታለች» አለ ኖሪስ። ድምፁ ፌርማታ የሚጠራ ሰው ድምፅ ነበር።

ዊልፍ ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ደህና ነን አልከኝ እኮ።»

«ደህና ናችሁ ወይ ብለህ ጠየቅከኝ።»

እኔ ፊቴን ወደ አትክልቱ አጥር አዞርኩ። ዊልፍ ቁልፉን እያገላበጠ ተናገረ። ብዙ ገዢ መጥቶለት መልሷል። ዋጋው እስኪንር ሸራ አልብሰው ሊያቆሙት የሚፈልጉ ናቸው። መኪናውን የጠበቀው ለምትነዳው ለኢኒድ ነበር።

«ቆሞ ሊዝግ ከሆነ እኔም ጋ ይዝጋል» አለ። «ለምን መጣህ?»

«ስለደወልክ።»

ዊልፍ ትንሽ አየውና «በል ወደዚያ ተሻገር» አለው።

ኖሪስ ቶሎ አልተነሳም። የሚወርድ መስሎኝ ነበር፤ ወርዶ ወደ ቤት እንመለስ የሚለኝ። ወረደ፤ ግን በመኪናው አፍንጫ በኩል ዞሮ በቀኙ በር ገባ። ዊልፍ ግራው ላይ ተቀመጠለት። ሞተሩ ተነሥቶ፣ ገና ፈቀቅ እንዳለ ጠፋ።

«አውቶቡስ አይደለም፣ ደወል አይጠብቅም» አለው ዊልፍ።

በሁለተኛው ሙከራ ሄደ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ወርደው ተመለሱ። የኖሪስ ፊት እንደሄደ ነው የተመለሰው። ዊልፍ ወርዶ በሩን በዝግታ ዘጋ፤ ቁልፉን መልስ አላለውም። መኪናውን ግን ጣሪያው ላይ መታ መታ አደረገው። የግራው ቀበቶ ሰው ከሌለበት ስለሚንኳኳ እንዲያስረው ነገረው።

ከኋላው ተከተልኩት። በጣም ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው፤ የጭነት መኪና ሳይቀር ቀደመን። ሰፈራችን ደርሰን አቆመና ሞተሩን አጥፍቶ ትንሽ ተቀመጠ። ሄጄ እንዴት ነው አልኩት።

«ይሄዳል» አለ።

በመስኮቱ አሻግሬ አየሁ። ባዶው ወንበር ላይ ቀበቶው ታስሯል፤ ሰው እንዲይዝ ተደርጎ ጠበቅ ብሏል።

«ካልታሰረ ይንኳኳል» አለኝ፣ ሳልጠይቀው።