ጎደሎው በርሜል

አጎቴ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሁሉን ነገር «ጥሩ ነው» ይል ጀመር። ወጡ ጨው ቢበዛበት ጥሩ ነው፤ ሚነርቫ ፓርክ የሚባል ሰፈር ያለው ቤቱ ማሞቂያው ቢበላሽ ጥሩ ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ጋራዣቸው ውስጥ ጠጅ ሲጥሉ እሷ ትበጠብጣለች፣ እሱ ይቀምሳል፤ ከዚያ ስለ ጌሾና ስለ ማር ሲነታረኩ ይውላሉ። እሱ እንኳን ለጠጅ ለውኃም እንከን ያወጣል ብለን እንስቅበት ነበር። አሁን ምንም አለማማረሩ አስፈራኝ። መኖሩንም የተወው መሰለኝ።

እኔ ቤክስሊ የሚባል ሌላ ሰፈር ወይን መሸጫ ውስጥ እሠራለሁ። ደንበኞቻችን ከፈረንሳይ የሚያውቁት ሁለት ሦስት አካባቢ ብቻ ነው፤ እኔ ግን ማንም የማይጠይቃቸውን የኋላ መደርደሪያ ጠርሙሶች ወድጃቸዋለሁ። እሁድ እሁድ አንዳንድ ይዤለት መሄድ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ሳቮዋ ከሚባለው አካባቢ የመጣ ነጭ ወይን ወሰድኩ፤ ከበረዶ ተራራ ሥር የሚበቅል፣ እንደ ምንጭ ውኃ ቀለል ያለ፣ ኋላ ላይ ኮምጠጥ የሚል ነው። «ጥሩ ነው» ብሎ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ቀጥሎ የካኦርን ቀይ፤ ቀይ ከማለት ጥቁር ማለት ይቀላል፣ ምላስ ይይዛል። «እሱም ጥሩ ነው።» አዘንኩ፣ ትንሽም ተናደድኩ።

በሦስተኛው እሁድ የዡራን ቢጫ ወይን ቀዳሁለት። ቀምሶ ፊቱን አኮሳተረ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ተበላሽቷል።»

«አልተበላሸም ጋሼ፣ ሆን ብለው ነው። ወይኑ እየተነነ በርሜሉ ሲጎድል አይሞሉትም፤ እንደ ጎደለ ከስድስት ዓመት በላይ ይተዉታል።»

«አየር እየገባበት?»

«ላዩ ላይ ስስ የእርሾ ሽፋን ይሠራል፤ እሱ ይጠብቀዋል።»

«አሞኝተውሻል። ነገውኑ ሪተርን አድርጊው።»

ተነሥቶ ጠርሙሱን በመስኮቱ ብርሃን አየው፣ አሸተተው፣ የተቆላ ለውዝ ይሸታል አለ፣ ደግሞ ቀመሰ። ስለ ክዳን፣ ስለ አየር፣ ስለ ዕቃ አጠባ ሲሞግተኝ ምሳው ቀዘቀዘ። ደስ አለኝ፤ ደስታዬን እንዳያይብኝ እኔም አምርሬ ተከራከርኩት።

«እሷ ብትኖር» አለ በመጨረሻ፣ «ይሄን ትደፋው ነበር።»

ከቀብሯ ወዲህ እሷን ሲያነሣ የመጀመሪያው ነበር።

«አንተስ ጋሼ?» አልኩት።

ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«እኔማ ሳትደፋው ደብቄ እጠጣው ነበር። ጨምሪልኝ።»