ካቻቢቴውን የነከሰው ሹፌር

ሰውየውን እናት አባቱ ባወጡለት ስም የሚጠራው ከጠፋ ሰንብቷል። ሰፈሩም ፋብሪካውም «ጆሮው» ነው የሚሉት። ዝም ብሎ የወጣለት ስም እንዳይመስላችሁ! በጉብዝናው ጊዜ ከአጥሩ ጀርባ ተቀምጦ፣ በመንገድ የሚያልፈውን መኪና በዓይኑ ሳያይ፣ «የዚህ ሰውዬ ሦስተኛዋ ካንዴላ ሞታለች» ይል ነበር። ሥራ ፈቶች ተወራርደው መኪናውን ያስቆሙና ኮፈኑን ያስከፍታሉ፤ እውነትም ሦስተኛዋ ናት። ጋራዥ ተቀጥሮ አያውቅም፤ ሹፌር ነው። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በሩ ላይ የታመመ መኪና ይሰለፍ ነበር፤ ሜካኒኮች ሳይቀሩ «እስቲ አንዴ ስማልን» እያሉ ይለምኑት ነበር።

አሁን ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ላለፉት አስራ ዘጠኝ ዓመታት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኞችን ጠዋት ሰብስቦ ያደርሳል፣ ሲመሽ ይመልሳል። መኪናዋ አሮጌ ሚኒባስ ናት፤ የምታድረው እሱ ግቢ ነው። ተሳፋሪዎቹ ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ እነሱም እንደ እሱ በስማቸው አይጠሩም። በሚሰፉት ነው የሚጠራሩት፦ ኮሌታ፣ እጅጌ፣ ኪስ፣ ዚፕ። እትዬ ኮሌታ አንጋፋዋ ናት። የፊት ወንበር የእሷ ነው፤ ደፍሮ የሚቀመጥበት የለም።

ሲያወሩ ደግሞ አይጣል ነው! ቀኑን ሙሉ መቶ ምናምን የስፌት መኪና በሚንጫጫበት አዳራሽ ስለሚውሉ መጮህ ለምዶባቸዋል፤ «እንዴት አደርሽ» ሲባባሉ የተጣሉ ይመስላሉ። የጆሮው ሚስትም ከዚያው ፋብሪካ በጡረታ የወጣች ናት፤ «በሩን ዝጋው» ስትለው ሦስተኛው ቤት ያለ ሰው ተነስቶ በሩን ይዘጋል። እንግዲህ ዙሪያውን ሁሉ ሲጮህለት የሚውል ሰው ጆሮው እየከዳው መሆኑን በምን ይወቅ? የሚቸገረው ስልክ ሲደወል ብቻ ነው። ልጁ ከሩቅ ከተማ ስትደውል፣ «ይሄ ኔትወርክ ደግሞ!» ይልና ስልኩን ለእናቷ ያቀብላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥፋት የሌለበት ኔትወርክ ሲሰደብ ኖረ።

አንድ ሰኞ አዲስ ልጅ ተሳፈረች። ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው። የምትሰፋው ነገር ገና ስላልተወሰነላት ስም አልወጣላትም፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነውና ሴቶቹ ለጊዜው «ጸጥታ» አሏት። ጠዋት ስትገባ ከንፈሯ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ጆሮው ራሱን ነቅነቅ ያደርግላታል። በልቡ ግን፣ «ይቺ ኩራተኛ ናት፤ ሰላምታ እንኳ በቅጡ አትሰጥም» ብሎ ፈርዶባታል።

ሐሙስ ጠዋት ትልቁን ቁልቁለት ወርደው ሲጨርሱ ልጅቷ ከኋላ ተነሳች፤ ወንበር እየያዘች መጥታ ትከሻውን ነካችው። ደንግጦ ዳር ያዘና ቆመ።

«ምን ሆንሽ?»

«ጋሼ፣ መኪናዋ እኮ ትፈጫለች» አለች። በዚህ ጊዜ አፏን ወደ ጆሮው አስጠግታለች። «ከሰኞ ጀምሮ እየነገርኩዎት ነው። እርስዎ ራስዎን ይነቀንቁና ዝም ይላሉ።»

«ምኗ ነው የሚፈጨው?»

«ከወለሉ ሥር ነው። ብረት ብረትን ሲበላ ዓይነት። ሲፈጥኑ ይብሳል፣ ሲያዘግሙ ይቀንሳል።»

እትዬ ኮሌታ ዞር ብላ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «አንቺ ልጅ፣ የማንን መኪና እንደምታሚ ታውቂያለሽ? ይሄ ሰውዬ እኮ ጆሮው ነው!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ጆሮውም ወደ እነሱ ዞሮ፣ «እስቲ እናንተ፣ የሰማችሁት ነገር አለ?» አለ።

«ኧረ ምንም!» አለች እጅጌ።

«ጭጭ ያለች መኪና!» አለች ዚፕ።

ሁሉም በአንድ አፍ ጤነኛ ናት ብለው ፈረዱላት። ልጅቷ ተሸማቅቃ ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

ይሄ እንግዲህ እዚያች መኪና ውስጥ ብቻ የሚሠራ ስህተት ነው። ሌላ ቦታ ያ ሁሉ ሰው አልሰማሁም ካለ ድምፁ የለም፤ ማንም እንደዚህ ይፈርዳል። ሴቶቹ ጆሯቸውን የት ሲያውሉት እንደኖሩ ግን የጠየቀ የለም። ጆሮውም አልጠየቀም። ሊጠይቅ መች ፈለገና! ድምፁ ከሌለ እሱ እንደ ድሮው ጆሮው ነው። ድምፁ ካለ ግን የሞተው የእሱ ጆሮ ነው። የማይሰማ ሹፌር ደግሞ ያን ሁሉ ነፍስ ጭኖ ያንን ቁልቁለት በየትኛው ድፍረቱ ይወርዳል? ቁልፉን አስረክቦ ቤቱ መቀመጥ ነው ያለው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መቀመጥም መቆምም አቃተው። ሴቶቹን ካወረደ በኋላ ባዶዋን መኪና ይዞ መንገድ ለመንገድ ዞረ። መስኮት ከፈተ፣ ዘጋ፣ ሬዲዮ አጠፋ። ድምፅ እንዲመልስለት ብሎ ረጅም ግንብ ጥግ ጥጉን ይዞ ነዳ። ምንም የለም። «አላልኩም? ምንም የለም!» ይላል፤ ልቡ ቅልል ይለዋል። ሁለት መንገድ ሳይሻገር ደስታው ይተንና እንደገና ወደ ግንቡ ይመለሳል። አንድ የግንቡ ዘበኛ ሌባ መስሎት ታርጋውን ጻፈ።

ዓርብ ለምሳ ቤቱ ገብቶ ሁለቴ ጎርሶ ተነሳ። ግቢ ወጣ፣ ጎንበስ ብሎ የመኪናዋን ሆድ አየ፣ ተመለሰ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሳ።

«ወንበሩ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» አለች ሚስቱ።

ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ፣ «መኪናዋ ስትገባ የሆነ ድምፅ ትሰሚያለሽ?» አላት።

«ምን?»

«ድምፅ!»

«ምን አልክ?»

ተዋት። ደግሞ ወደ ግቢ ወጣ።

ቅዳሜ በማለዳ ክሪኩን አወጣ። የኋላ ጎማዎቿን ከመሬት አንስቶ ከሥር ወፋፍራም ግንድ አስደገፈ፣ የፊቶቹን በድንጋይ አስያዘ፣ መኪናዋን ወዝወዝ አድርጎ መያዙን አረጋገጠ። ከዚያ ሚስቱን ጠርቶ መሪው ላይ አስቀመጣት።

«በሩን ክፍት አድርጊና እጄን እዪ። ሳወጣ ነዳጅ ትሰጫለሽ፣ ሳስገባ ትለቂያለሽ። ሌላ ነገር እንዳትነኪ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ፔዳል የረገጥኩት እኔ፣ ረገጣ ከአንተ ልማር?» አለች።

ሞተሩ ተነሳ፤ የኋላ ጎማዎቹ አየር ላይ ዞሩ። ጆሮው በጀርባው ተንፏቆ ገባ። ረጅሙን ካቻቢቴ ይዟል፤ ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ማዳመጥ የድሮ ጥበቡ ነው። ካምቢዮው ላይ አደረገው። ጭጭ። ዲፈረንሻሉ ላይ አደረገው። ጭጭ። ከካምቢዮው ተነስቶ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄድ ረጅም ዘንግ አለ፤ ያንን ዘንግ መሃሉ ላይ አቅፎ የሚያዞረው ኩሽኔት ላይ አደረገው። ጭጭ።

«ጤነኛ ናት!» ሊል አፉን ከፈተ። ግን መልሶ ዘጋው። ጤነኛ ካምቢዮ እኮ ያንጎራጉራል! ዲፈረንሻልም ያፏጫል። በዚህ ሁሉ ዘመን ድምፅ የሌለው ካምቢዮ ገጥሞት አያውቅም፤ ፍጹም ጭጭ የሚለው ሬሳ ብቻ ነው። ሬሳው ደግሞ መኪናዋ አይደለችም። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት ይሄንን ነው።

በዚህ መሃል ጠብ ያለች ዘይት ዓይኑ ውስጥ ገባች። አንዱ እጁ ለሚስቱ ምልክት ውጭ ነው። ዓይኑን በሌላኛው ሊጠርግ ብሎ፣ ካቻቢቴው እንዳይወድቅበት እጀታውን በጥርሱ ነከሰው፤ ጫፉ አሁንም የኩሽኔቱ እቅፍ ላይ ነበር።

ግርርርርርር!

ወይ ጉድ! ጥርሱ፣ መንጋጋው፣ የራስ ቅሉ ሁሉ ወፍጮ ቤት ሆነ። ልጅቷ ያለችው ነው፤ ብረት ብረትን ይበላል። በጆሮው ያልገባ ድምፅ በጥርሱ ገባ። ካቻቢቴውን እንደነከሰ አንገቱን አዙሮ ጫፉን ካምቢዮው ላይ አሳረፈ፤ ያቺ የድሮ እንጉርጉሮ ለስለስ ብላ መጣች። ስንት ዓመት ሆነው ይህችን ከሰማ? ዲፈረንሻሉም አለ፣ ሞተሩም አለ፣ ሁሉም በየድምፁ አለ። እዚያው በጀርባው እንደተኛ እንባው ወደ ጆሮዎቹ ወረደ።

ሚስቱ ምልክት ስትጠብቅ ቆይታ ሰለቻት። ሞተሩን አጥፍታ ወረደችና ጎንበስ ብላ አየችው።

«ምነው ሰውዬ! ብረት መብላት ጀመርክ?»

ተንፏቆ ወጣ። ዘይት ነው ሊል ይችል ነበር፤ ዘይቱም ፊቱ ላይ አለ። ግን አንጀቱ እምቢ አለ።

«አልሰማም» አላት። «ጆሮዬ ሞቷል። ተሳፋሪ ጭኜ ስሄድ ከሥሬ ያለውን አልሰማም።»

ሚስቱ አፉን፣ ከንፈሩን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እኔ እኮ ፋብሪካ በገባሁ በስድስተኛው ዓመቴ ነው ጆሮዬን የተሰናበትኩት» አለች፤ ወደ ጆሮው ተጠግታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጮህ። «አፍህን እያየሁ ነው የምኖረው። ዞር ብለህ ስታወራ የምቆጣህ ለምን ይመስልሃል?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጆሮው የሚባል ሰው አግብቼ፣ ደንቆሮ ነኝ ልበል?»

ኩሽኔቱን ሲፈታው የተሰባበሩት ኳሶች መዳፉ ላይ ተራገፉ። ኩሽኔቱን ይዞት የነበረው ላስቲክ ተቀዶ የክር ያህል ቀርቶታል። አንድ ሁለት ቀን ቢቆይ ዘንጉ ቁልቁለቱ ላይ ይወድቅ ነበር። እስከ እሁድ ከሰዓት አዲሱን ገጥሞ ጨረሰ። ሲጨርስም አልተቀመጠም፤ ግቢውን ከዳር ዳር ሲለካው አመሸ።

ሰኞ ሁሉም ከተሳፈሩ በኋላ ሞተሩን አላስነሳም። ወደ ኋላ ዞሮ የተሰባበረውን ኩሽኔት ከፍ አድርጎ አሳያቸው።

«ይሄ ከእግራችሁ ሥር ነበር» አለ። «የሰማችው ይቺ ልጅ ናት፤ እኛ ሳቅንባት። እኔ አልሰማሁም። ከእንግዲህም አልሰማም። ከኋላ የሚመጣውን መኪና፣ ጡሩምባውን፣ ከሥሬ የሚሰበረውን አልሰማም። ዛሬ እናንተን አድርሼ ቁልፉን አስረክባለሁ።»

እትዬ ኮሌታ ቦርሳዋን እያሻሸች፣ «ለመሆኑ እዚህ ውስጥ የሚሰማ ማን አለ?» አለች። «እኔ የምሳ ደወል የምሰማ ይመስላችኋል? ኪስ ስትነሳ አይቼ ነው የምነሳው።»

«እኔ ደግሞ አንቺ ስትነሺ አይቼ!» አለች ኪስ።

ታፍኖ የቆየው ሳቅ ፈነዳ። እጅጌ እንባዋን እየጠረገች፣ ልጇ ሌሊት ሲያለቅስ እንዳያመልጣት እጁን በክር ከእጇ ጋር አስራ እንደምትተኛ ተናገረች። ይሄን ስትናገርም እየሳቀች ነበር፤ ኪስ ግን እጇን ያዘቻት።

እትዬ ኮሌታ ተነሳች። በስንት ዓመቷ ያንን የፊት ወንበር ለቀቀችና ልጅቷን በእጇ ጠራቻት። «ነይ እዚህ ተቀመጪ። አንቺ ስሚለት፣ እሱ ይንዳ። ቁልፍ ማስረከብ የሚባል ነገር አልሰማሁም፤ ብሰማም አልሰማሁም!»

ልጅቷ አፍራ ተቀመጠች። ወደ እሱ ዞራ፣ ከንፈሯን በግልጽ እያንቀሳቀሰች፣ «እኔ እሰማልዎታለሁ፣ ጋሼ» አለችው።

ነዳ። በቁልቁለቱ ወርደው ድልድዩን ሲያልፉ በዓይኑ ጠየቃት፤ «ምንም የለም፣ ጸጥ ብላለች» ብላ ፈገግ አለች። ከኋላ የመጣ ከባድ መኪና ሲያስጠነቅቅ ክንዱን ነካች፤ ዳር ያዘለት። ከሐሙስ ወዲህ የተሰቀለ ትከሻው ወረደ። ደስ አለው፤ በግልጽ ደስ አለው። እንግዲህ በዚህች ልጅ ጆሮ እስከ ጡረታዬ ድረስ እሄዳለሁ ብሎ አሰበ።

ፋብሪካው በር ደረሱ። ሴቶቹ እየተንጫጩ ወረዱ፤ ልጅቷም ተከተለቻቸው። አለቃዋ ደረጃው ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር፤ ትከሻዋን ይዛ ወደ አዳራሹ እያመለከተች አንድ ነገር ነገረቻት፤ ዛሬ የስፌት መኪና ተሰጥቷታል መሰለኝ። የአዳራሹ ትልቅ በር ተከፈተ። ጆሮው ምንም አልሰማም። ነገር ግን መሪውን የያዙት እጆቹ ውስጥ የመቶ ምናምኑ የስፌት መኪና ድብደባ ገባ፤ ክንዱን ይዞ ወጣ። «በስድስተኛው ዓመቴ» ያለችው ሚስቱ ፊቱ ድቅን አለችበት።

ዘልሎ ወረደ።

«ልጄ! ድፈኚው! ጥጥም ይሁን ጨርቅም ይሁን፣ ጆሮሽን ድፈኚው!»

ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። እሷም በሩ ላይ ዞረች። ጣቷን ወደ ጆሮዋ አደረገች፤ ጩኸቱ ነው፣ አልሰማሁዎትም በሚል ዓይነት ራሷን ነቀነቀች። ፈገግ ብላ እጇን አውለበለበችለትና ገባች።