ጤፍ ውስጥ የቀበርኩት ስልክ

ከአገር የወጣሁ ዕለት ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ። እንጅባራ መቼም ዝናብ ብርቋ አይደለም፤ የዚያን ዕለት ግን ለጉድ ነው የዘነበው። ሊነጋጋ ሲል አባቴ ፕላስቲክ ራሱ ላይ ጣል አድርጎ እስከ መናኸሪያ ሸኘኝ። እኔ አለቀስኩ፣ እሱ አላለቀሰም። ሻንጣዬን ራሱ አውቶቡሱ ላይ ጫነና በመስኮት በኩል የተቀቀለ ድንች በፌስታል አቀበለኝ። «በትኩሱ ብዪ» አለኝ፤ በቃ፣ ይኸው ነው ስንብታችን። ሆዱ ስላልባባ እንዳይመስላችሁ፤ የኛ አገር አባት ሆዱ ሲባባ ምግብ ያቀብላል እንጂ ብዙ አያወራም።

ይኸው ቤይሩት ዘጠኝ ዓመቴ። እናንተ አገር ቤት ያላችሁ ቤይሩት ሲባል ባሕሩ ነው የሚታያችሁ፤ እኔ ባሕሩን የማውቀው ከአሠሪዬ ከማዳም በረንዳ ላይ ምንጣፍ ሳራግፍ ነው። ሙቀቱ ደግሞ ደረቅ መሰላችሁ? እርጥብ ነው፣ ልብስ አጥቦ ማስጣት ራሱ መከራ ነው። ድንቹን ጠብሰው ዳቦ ውስጥ ይጠቀልሉታል! እናንተዬ፣ ድንች በዳቦ! ለአዊ ልጅ ይህ ድንቹን መስደብ ነው።

መጀመሪያ ማዳም ቤት ነበር የማድረው፤ ኋላ ወጥቼ በቀን እየሠራሁ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ያኔ ኢቃማዬ፣ ማለትም የመኖሪያ ወረቀቴ ጊዜው አልፎ ተቃጠለ። ላሳድስ ብዬ ቢሮ ብሄድ ሰውዬው ቀና ብሎም አላየኝ።

«ካፊልሽ የታለ? ያስመጣሽ ሰው።»

«ሞቷል።»

«እሱ ራሱ መጥቶ መፈረም አለበት።»

«ጌታዬ፣ ሞቷል እኮ አልኩዎት።»

«ገባኝ። ቡክራ ይዘሽው ነይ።»

ቡክራ ነገ ማለት ነው። ያ ነገ እስካሁን አልመጣም። ያለዚያ ወረቀት ደግሞ መኖሩም መውጣቱም እስር ቤት በር ላይ እንደመቆም ነው። እኔም ደከመኝና ተውኩት።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ሦስት ነን፤ ታላቃችን አያ ይበልጣል፣ እኔ፣ ታናሻችን የሺ። አባታችንን እስከመጨረሻው ያስታመመች የሺ ናት። አባቴ ሊታከም እንጅባራ ወጥቶ ሳለ በጎረቤታችን በመምህሩ ስልክ ረጅም የድምፅ መልእክት ላከልኝ፣ በአገውኛ። መስታወት እየወለወልኩ ግማሹን ሰማሁት። «የሺ ክፉኛ ደክማልኛለች። ዲከረንሷን የሺ ትያዝ» ሲል ማዳም «ያላ! ያላ! ቶሎ በይ!» ብላ ተጣራች። ማታ እሰማዋለሁ ብዬ ዘጋሁት። ማታ ደክሞኝ ተኛሁ፣ በማግሥቱም እንደዚያው። ከዚያ እነሱ ዘንድ ኔትወርክ ጠፋ። ኔትወርኩ ሲመለስ ይዞልኝ የመጣው መርዶ ነው። ከመርዶው በኋላማ ያን ድምፅ ልክፈት ስል እጄ እምቢ አለኝ፤ ዓመት ሙሉ እምቢ አለኝ።

አባቴ ዲከረንሷ ያላት አንዲት ቃዳ፣ ሩብ ሄክታር የምትሆን መሬት ናት፤ ለከሰል የሚሆነው ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ የተተከለባት። ከአባታችን የቀረችን ይቺው ናት፤ የሺም የምትኖረው በሷ ነው። ዘንድሮ ዛፉ ሲደርስ አያ ይበልጣል «በኩሩ እኔ ነኝ» ብሎ መጥረቢያ ይዞ መጣ። የሺ እያለቀሰች ደወለችልኝ። እኔም ለሽማግሌዎቹ የሰማሁትን ተናገርኩ። አያ ይበልጣል ግን «ሴቶቹ መክረው ነው፤ የአባቴን ድምፅ በጆሮዬ ካልሰማሁ አላምንም» አለ። ሽማግሌዎቹም «እውነት ነው፣ የሙት ቃል በወሬ አይጸናም፤ ድምፁ ይሰማ» ብለው ለእሑድ ቀጠሩ። መምህሩ ተዛውሮ ሄዷል፣ ስልኩንም ለውጧል። ድምፁ ያለው እኔ ስልክ ውስጥ ብቻ ነው።

ያ ስልክ ሰኞ ዕለት ከኪሴ አምልጦ የወለል መወልወያ ባልዲ ውስጥ ገባ።

ውሃ የገባው ስልክ ሩዝ ውስጥ ይቀበራል ሲባል ሰምቼ ነበር። ሩዝ የለኝም፤ ጤፍ ግን አለኝ። የሺ ባለፈው ዓመት በሰው የላከችልኝ የዳንግላ ነጭ ጤፍ ነው፣ ያውም ጥሬው። «ዱቄት ከሆነ አውሮፕላን ማረፊያ ሌላ ነገር ነው ብለው ይይዙታል» ብላ! ቤይሩት ላይ ወፍጮ ከየት ላምጣ? እንዲሁ ሳየው ነው የከረምኩት። እና ከሩዝ ይልቅ ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ውሃውን ከየስርቻው ይመጠዋል ብዬ ስልኬን እስከ አናቱ ቀበርኩት። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አሉ! ሁለት ቀን ቆይቼ ሳወጣው በቻርጀሩ ቀዳዳ፣ በድምፅ ማውጫው፣ በየሽንቁሩ ጤፍ ሞልቶበታል። ውሃ የነካው ጤፍ ደግሞ ታውቁት የለ፣ ተጣብቋል።

ስልክ ጠጋኙ ሽማግሌ ቢጤ ነው። መነጽሩን አድርጎ አየውና በወረንጦ አንዷን ፍሬ አወጣት።

«ሹ ሀይዳ? ምንድን ነው ይሄ?»

«ጤፍ።»

«መድኃኒት ነው?»

«እህል ነው። እንበላዋለን።»

«ታዲያ ስልኩ ርቦት ነበር?»

ሳቅኩም አለቀስኩም። ከፍቶ ካየው በኋላ «ቦርዱ ዝጓል፣ ይሄ ስልክ አይድንም» አለኝ። «ስልኩ ገደል ይግባ! አንድ ድምፅ ነው የምፈልገው» አልኩት። በጎረቤቴ በፊሊፒኗ ስልክ ላይ የመልእክት መላኪያውን በቁጥሬ ከፍቼ ሞክሬው ነበር፤ የድሮው መልእክት ሁሉ የለም፣ ባዶ ነው የተከፈተው። «የማን ድምፅ ነው?» አለኝ። «የአባቴ። ሞቷል» ስለው ስልኩን እሱ ዘንድ አስቀረው።

ቅዳሜ ከሰዓት በፊሊፒኗ ስልክ ደውሎ ጠራኝ። ጤፉን በመርፌ አንድ በአንድ ለቅሞ፣ በአልኮል አጥቦ፣ ከሌላ ስልክ የተነቀለ ስክሪን ሰክቶበት፣ ለጥቂት ደቂቃ በርቶለት ያገኘውን ሁሉ ሚሞሪ ላይ ገልብጦታል። ከሱ በገዛሁት አሮጌ ስልክ ላይ ከተተልኝ። ግን ስም የላቸውም፤ ሁሉም ቁጥር ብቻ ናቸው፣ እልፍ ድምፅ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። የሺ ስትስቅ። ደላላው ሲዝትብኝ። የአክስቴ ልጅ ስለ ሠርጓ። ማዳም ሽንኩርት እንዳልረሳ። እኔው ራሴ፣ «ደህና ነኝ፣ እዚህ ሁሉ ሙሉ ነው» እያልኩ ስዋሽ። እግዜር ያሳያችሁ፣ የገዛ ውሸቴን ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ! በመሀል አንዱን ስነካው ሳል ሰማሁ። የአባቴ ሳል።

«የሺ ክፉኛ ደክማልኛለች። ዲከረንሷን የሺ ትያዝ» አለ፤ እዚህ ድረስ አውቀዋለሁ። አሁንም ሳለና ቀጠለ። «አንቺ እስክትመጪ ትጠብቅልሽ። መሬቷ ያንቺ ናት። ስትመጪ ቤትሽን ከላይ በመንገዱ በኩል ሥሪው፣ ታች ውሃ ይተኛበታል። በይ እንግዲህ በርቺ።»

ጮኼ አለቀስኩ። ዘጠኝ ዓመት የሰው ወለል ስወለውል፣ ለካ እኔም ቤት የሚሠራልኝ ቦታ ተመርጦልኛል! አከራዬ አቡ ጆርጅ በሩን ደበደበው።

«ማን ሞተብሽ?»

«አባቴ።»

«መቼ?»

«አምና።»

«አምና? ታዲያ ዛሬ ምን አስጮኸሽ! ቀስ ብለሽ አልቅሺ፣ ሌላም ተከራይ አለ» ብሎ ሄደ።

እንባዬ ሲደርቅ ነው ነገሩ የገባኝ። ድምፁ ከተሰማ የሺ ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይደለችም። እኛ ዘንድ ደግሞ ሟች መሬቱን ለማን እንደሰጠ ይናዘዛል እንጂ ጠባቂ አይሾምም፤ የሌለ ሰው መሬት በታላቅ ወንድም እጅ ነው የሚቆየው። ለየሺ ብዬ ያወጣሁት ድምፅ የሺን ሊያስለቅቃት ነው። ግማሹን ብቻ ላሰማቸው ይሆን? አሰብኩ፣ አልዋሽም። ጠጋኙ በአንድ ደቂቃ ይቆርጥልኝ ነበር። ግን የአባቴን አፍ እንዴት ልቁረጥ?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በፊሊፒኗ ስልክ ደወልኩ። አባ ተገኘ የሚባሉት ዋናው ሽማግሌ የየሺን ስልክ ድምፁን ከፍ አድርገው መሀል አስቀመጡት። እኔም አሮጌውን ስልክ አፍ ለአፍ አስጠግቼ ሙሉውን አሰማኋቸው። ሲያልቅ አያ ይበልጣል «እሱ ነው፣ አባቴ ነው» አለ፤ ድምፁ ተሰብሯል።

«እንግዲህ ልጄ» አሉ አባ ተገኘ፣ «መሬቷ ያንቺ ሆነች። መጥተሽ እስክትረከቢ በማን እጅ ትቆይ የሚለውን እንድንቆርጥ አንድ ነገር ንገሪን። መቼ ነው የምትመጪ?»

ዘጠኝ ዓመት ለሁሉም «ለፋሲካ»፣ «ለመስከረም» ስል ኖሬያለሁ። አሁን ግን ዓመት ብጠራ እስከዚያው መሬቷ በአያ ይበልጣል እጅ ትገባና የሺ ሜዳ ላይ መውደቋ ነው።

«አልመጣም፣ አባ። መሬቷን ለየሺ ሰጥቻለሁ፣ ምስክር ይሁኑ» አልኩ።

የሺ «ኧረ እባክሽ እንዲህ አትበዪ!» ብላ ስትጮህ ይሰማኛል። አባ ተገኘ ግን የሺ የሰማችውን እንዳልሰሙ ሆነው «ልጄ፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ እኛ ጋ አልተሰማም። እስቲ ድገሚው» አሉኝ።

ደገምኩት።