በኑግ ዘይት የታሹት የጋሼ ሞተሮች ዕቃዎች

ይህ የሆነው አምና ኅዳር ውስጥ፣ እዚሁ ቢቸና ነው። የኑግ ዘይት በሸተተኝ ቁጥር ትዝ እያለኝ ብቻዬን እስቃለሁ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሰው ፊት ሳወራም ምላሴ ይተሳሰራል። መጻፍ ግን ማንም ፊት ለፊት ስለማያየኝ አይከብደኝም ብዬ ጀመርኩት።

ያሳደጉኝ አጎቴ ጋሽ ደምሴ ናቸው። በወጣትነታቸው የወባ መከላከያ ሠራተኛ ነበሩ። እስከ የጁቤ፣ ከዚያም ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ በሞተር እየወረዱ መድኃኒት ያደርሱ ነበር። በኋላ ሞተሮቹ አርጅተው በሐራጅ ሲሸጡ ሦስቱን ገዝተው ወደ ቤት አመጧቸው። እንደ ፈረስም ስም አወጡላቸው፦ ቀዩን ዳማ፣ ፊቱ ላይ ነጭ ያለበትን ቦራ፣ ቢጫውን ሐመር።

የሞተሮቹ መለዋወጫ ዕቃ በውስጠኛው ክፍል፣ በወተት ዱቄት ጣሳዎች ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ለእያንዳንዱ ሞተር የራሱ ጣሳዎች አሉት። እንዳይዝግ ሁሉም በግራሶና በተቃጠለ ዘይት ተለውሷል። ጋሼ፣ «የአንዱን ፈረስ ኮርቻ ለሌላው ከጫንሽ ጀርባውን ይልጠዋል» ይሉኝ ነበር። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ዕቃዎቹን የምወለውለው እኔ ነበርኩ። እሳቸው አጠገቤ ቁጭ ብለው እያንዳንዱ ዕቃ የት እንደተሰበረ፣ የት እንደተገዛ ያወሩልኛል። የነገሩኝን ሳልጠየቅ በቃሌ ያዝኩት።

ሞጣ ውስጥ አሮጌ ሞተር የሚወዱ ሰዎች ማህበር አላቸው። ነጋዴም፣ ሾፌርም፣ መምህርም አለበት። ጋሼም ጉልበት ሳላቸው እየሄዱ አብረዋቸው ይውሉ ነበር። ሕመሙ ሲጠናባቸው የነፍስ አባታቸውንና የእድር ሽማግሌዎችን አስጠርተው ተናዘዙ። ቤቱን ለእኔና ለወንድማቸው ልጅ ለካሳ ሰጡ። «ሞተሮቹ ግን ከነዕቃቸው ለሞጣ ማህበር። እዚህ ቆመው ከሚበሰብሱ እዚያ ይነዱ» አሉ። ከዚያ እኔን በእጃቸው ጠሩኝ። «ሁሉም ከየዕቃው ጋር ይሂድ። አደራ።»

ከዚህ ሌላ አደራ ጥለውብኝ አያውቁም።

ጋሼ ዐርፈው ተቀበሩ፤ በሰልስቱ ዋዜማ በርበሬ ላስፈጭ ወፍጮ ቤት ሄጄ ነበር። ስመለስ ግቢው በሴቶች ተሞልቷል። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከትልቅ ሳፋ ሥር ቆመዋል።

«መጣሽ? ነይ እዪ እስቲ! የደምሴ ብረት እንዲህ ያበራ ኖሯል!»

ሳፋው ውስጥ ያለው የጋሼ ዕቃ ነው። ክፍሉን ለለቀስተኛ ሊያሰናዱ ገብተው፣ ጥቁር ቅባት የተለወሰውን ሲያዩ ጊዜ አዘኑ። ጣሳዎቹን ሁሉ አንድ ላይ ገልብጠው በፈላ ውሃ፣ በአመድና በሳሙና ፈተጉት። ግማሹ እንደ ብቅል ሰሌን ላይ ተሰጥቷል። ጣሳዎቹም ታጥበው የንፍሮ መስፈሪያ ሆነዋል። የቀረውን የተቃጠለ ዘይት ደግሞ ምስጥ እንዳይበላው ብለው የአጥሩን እንጨት ቀብተውበታል።

«ከሩቅ የሚመጣ ዘመድ ይህን ጉድፍ አይቶ ደምሴን ይማው?» አሉ እትዬ ጥሩ። ዓይናቸው ከለቅሶ ብዛት አብጧል፤ እጃቸው ከመፈተግ ብዛት ቀልቷል።

ምን እላለሁ? «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። እዚያ አለቀስኩ።

ሰልስቱ አልፎ ሰው ሲበተን ዕቃዎቹን ባያቸው የበርበሬ ቀለም ይዘዋል። ዝገት ጀምሯቸዋል። የሞጣ ሰዎች ደግሞ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንመጣለን ብለው ልከዋል። ጋራዥ ሄጄ ዘይት እንዳልጠይቅ እዚያ ያሉት ወንዶች ብቻ ናቸው፤ እግሬ እምቢ አለኝ። ካሳም ሥራው ላይ ነበር። ጓዳ ውስጥ ለለቅሶው ከተገዛው የኑግ ዘይት ተርፏል። አንድ ባንድ እያነሳሁ በእሱ አሸኋቸው። ጥሩ መላ የመታሁ መስሎኝ ነበር።

ካሳ ማታ ሲገባ አሸተተ። «ምን ልትቀቅይ ነው? የኩሽኔታ ወጥ?» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ቁምነገሩን ተናገረ። «ስሚኝ፣ የሞጣ ሰዎች ይህን አይተው ንቀው ከተመለሱ ለቁራሌው ነው የምሰጠው። ሞተሮቹንም ጭምር። ክፍሉን ተከራይ እየጠበቀው ነው።»

ቅዳሜ አራት ሆነው በአይሱዙ መጡ። የሚመሯቸው ሀጂ ኑሩ የሚባሉ የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ነጭ ጺም፣ ትልቅ ሰውነት። መጀመሪያ ለጋሼ ሐዘን ቁጭ አሉ፤ ቀጥለው ሞተሮቹን አዩ፤ የዳማን ታንከር እንደ ፈረስ አንገት መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ወደ ዕቃው መጡ።

እኔ በሩ መቃን ሥር ተሸጉጫለሁ። ሀጂ አንዲት ኩሽኔታ ሊያነሱ ሲሉ ሌሎች ሦስት አብረው ተከትለዋት ተነሱ። የኑጉ ዘይት ሙጫ ሆኗል። ሀጂ ወደ አፍንጫቸው አስጠጓት።

«ወላሂ ሽሮ አማረኝ» አሉ።

ሰዎቻቸው ሳቁ። ካሳም ሳቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። በዚህ መሃል ሳይጠሩ እትዬ ጥሩ ከተፍ አሉ፤ ሁለት ሴቶችም ተከትለዋቸዋል።

«እኛ ነን ያጠብንላችሁ! እንዴት ነው? ጸዳ?»

ካሳ ሊናገር አፉን ከፈተ። ሀጂ የእኔን ፊት አዩ፤ የእትዬ ጥሩን እጅ አዩ፤ ከዚያ ካሳን በእጃቸው ገታ አደረጉት።

«አላህ ይስጣችሁ እናቶቼ» አሉ። «እኛ ብረት የምንወርሰው ከነአዳፋው ነበር፤ እናንተ አጥባችሁ ሰጣችሁን። ታዲያ ብረት ሁለተኛ እጥበት አለው፤ እሱ በናፍጣ ነው። ታግዙናላችሁ?»

«ምን ገዶን!» አሉ እትዬ ጥሩ። ወዲያው ሳፋውን ጎትተው አመጡት።

ከአይሱዙው ናፍጣ ተቀዳ። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎችና ሻሽ ያሰሩ ሴቶች አንድ ሳፋ ከበው ብረት ሲያጥቡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሾፌሩ በብርጭቆ ወረቀት እየፈተገ፣ «እትዬ፣ ሞጣ ይምጡ፤ ማህበሩ አጣቢ የለውም» ሲላቸው፣ «መጀመሪያ ራስህን ታጠብ!» አሉት።

ችግሩ ቀጥሎ መጣ። የሦስቱ ሞተሮች ዕቃ አንድ ላይ ተደባልቋል። ሾፌሩ ሁለት ካርቡራተር በሁለት እጁ ይዞ አገላበጠ። «ይህ የየትኛው ነው? ለማንኛው እንደሆነ ካላወቅን ጭነን ምን እናደርገዋለን?»

«ማን ያውቀዋል! ጋሼ ይዘውት ሄዱ» አለ ካሳ።

አደራው ትዝ አለኝ። እንዴት ከመቃኑ እንደወጣሁ አላውቅም፤ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ጎንበስ አልኩና አንዲት ካንዴላ አነሳሁ።

«ይቺ የቦራ ናት።»

«ጮክ በዪ ልጄ፤ ጆሮዬ አርጅቷል» አሉ ሀጂ።

«የቦራ ናት። የጁቤ ዳገት ላይ ዝናብ ይዟቸው፣ ብብታቸው ውስጥ ከተው ያደረቋት ናት። ያቺኛዋ ካርቡራተር የዳማ ናት። አንድ ሠርገኛ ሙሽራውን አሳፍርልኝ ብሎ ለምኗቸው መንገድ ላይ ተበላሸች። ሙሽራው እየገፋ ነው ሙሽሪት ቤት የደረሰው።»

ሳቁ፤ በእኔ ላይ ግን አልነበረም። እኔም ቀጠልኩ። ዕቃውን ሳነሳ የጋሼ ወሬ እየመጣልኝ፣ ወሬው ሲመጣ ዕቃው ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ነጠላዬ ከአፌ የወረደው መቼ እንደሆነ አላስታውስም። እትዬ ጥሩ በየቤቱ የሄዱትን የንፍሮ ጣሳዎች አስለቅመው አመጡ። በመጨረሻ ጥቂት ትንንሽ ሞላዎች ቀሩ። «እነዚህን አላውቃቸውም» አልኩ።

«ግድ የለም፤ እነሱን ማህበሩ ያሳድጋቸው» አሉ ሀጂ።

ሴቶቹ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲሄዱ ጠጋ ብዬ፣ «ሀጂ፣ ሳያውቁ ነው… የኑጉን ዘይት ያደረግሁትም እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቄዋለሁ፤ እጅሽ እስካሁን ይሸታል» አሉኝ። «ብረት ቢዝግ በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል ልጄ። ከእነዚያ እናቶች ፊት ላይ ግን ሐፍረቱን በምን እናስለቅቀው ነበር?»

ቦራና ሐመር አይሱዙው ላይ ተጫኑ። ዳማን ሀጂ ራሳቸው ረገጡት። ብዙ ጊዜ አስሎ፣ ጢሱን ግቢው ላይ አፍስሶ ተነሣ። እትዬ ጥሩ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና የለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላቸው በመዳፋቸው ከደኑት። ዳማ በደብረ ወርቅ መንገድ ዞሮ እስኪጠፋ ድምፁን ቆመን ሰማን። ካሳም አብሮን ቆመ፤ ስለ ቁራሌው ዳግመኛ አላነሳም።

ከፋሲካ በኋላ ሞጣ ሄጄ አየኋቸው። የማህበሩ ቤት ግድግዳ ላይ መደርደሪያ ተሠርቶ ጣሳዎቹ በየሞተሩ ተቀምጠዋል። አንዲት ኩሽኔታ ብቻ ለብቻዋ ተቀምጣለች፤ እንደ ማር ቢጫ ሆና፣ አቧራ ይዛ።

«ይቺን ረሳችኋት?» አልኳቸው።

«አልረሳናትም። ሆን ብለን አላጠብናትም» አሉ ሀጂ። «ደምሴን ሰው እንዴት አድርጎ እንዳለቀሰው እሷ ታስታውሰናለች።»

አነሳኋትና አሸተትኳት። አሁንም የቤታችንን ጓዳ ትሸታለች።

እትዬ ጥሩ እስከ ዛሬ፣ «የደምሴን ብረት ለሞጣ አጥበን የሰጠነው እኛ ነን» እያሉ ያወራሉ። እኔም «አዎ እትዬ» እላለሁ። ውሸት አልተናገርኩም። እዚህ ላይ ስማቸውን የቀየርኩትም ዕቃውን ማበላሸታቸውን እንዳያውቁ ነው፤ ሰው አንብቦ ቢነግራቸው ሌላ ጎረቤት ነው እንዲሉ።